ሁለት ጥማድ ዋልካ፣ አንድ ቀለበት፦ ከለገዳዲ ወዲያ በዲቴክተር የተደረገ ፍለጋ

ታኅሣሥ 2017 ሲገባ አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ የአባቷን ጤፍ አጨዳ ልታግዝ ወጥታ የጋብቻ ቀለበቷን ማሳ ላይ ጥላ ተመለሰች። ቦታው ከለገጣፎ ለገዳዲ አልፎ የደሴውን አስፋልት ከለቀቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ነው። ማሳው ሁለት ጥማድ፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ የሚሆን ዋልካ መሬት። ቀለበቱ 18 ካራት፣ ሦስት ግራም የማይሞላ ቀጭን ነገር። ነዶ ስታስር ጣቷ ላይ እንደነበረ ታስታውሳለች፤ ማታ እጇን ስትታጠብ የለም።

እኔ የውኃ መስመር ሠራተኛ ነኝ። ዲቴክተር፣ መሬት ውስጥ ያለ ብረት በድምፅ የሚጠቁም ማሽን፣ የገዛሁት ወርቅ ልፈልግበት ሳይሆን አፈርና አስፋልት የዋጣቸውን የቫልቭ ክዳኖች ላገኝበት ነው። ካርታው «እዚህ ነው» የሚለው ቫልቭ ሦስት አራት ሜትር ርቆ ሲገኝ የማየት ልማድ አለኝ። ሴትዮዋ ስልኬን ያገኘችው ከአንድ ደንበኛዬ ነው። «አባቴ ፈቅዷል፣ ቅዳሜ ሂድ» አለችኝ፤ ሄድኩ። ቀለበቱን መፈለጉ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈጀብን። ፈቃዱ ግን ሁለት ሳምንት ወሰደ፤ ሁለት ሳምንት ያስወሰደውም ያ ቅዳሜ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ

ጥር 17፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት ደረስኩ። አባትየው ታመው ከተማ ልጃቸው ዘንድ ተኝተዋል። እሷም ሥራ ይዟት ስላልመጣች ማሳውን በስልክ መራችኝ፦ ከጅረቱ ማዶ፣ ድንበሩ ላይ ብቻውን የቆመ ግራር ያለበት። ማሽኑን ገጣጥሜ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መጥረግ ጀመርኩ።

አሥር ደቂቃ አልሞላኝም። መጀመሪያ ልጆች መጡ፤ ቀጥለው እረኞች፤ ከዚያ ዱላ የያዙ ሦስት ጎልማሶች፤ በመጨረሻ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሻ። «ምንድን ነው የምታወጣው?» አለኝ። «ቀለበት» አልኩ። ማንም አላመነኝም። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ቆይቶ ሲወጣ ወርቁን ቀብሮ ሄዷል የሚለውን ወሬ ያልሰማ ሰው እዚያ አይገኝም። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ መሬት የሚጠርግ ሰው ደግሞ ለወሬው ከምስክር በላይ ነው።

አንደኛውን ጎልማሳ ያስፈራው ግን ወርቅ አልነበረም። ጠጋ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ «ለክታችሁ ልትወስዱት ነው?» አለኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተማው በየዓመቱ ወደ ማሳው እየተጠጋ ነው። መሣሪያ ይዞ ማሳ ላይ የቆመ የማይታወቅ ሰው ለገበሬው መጀመሪያ የሚመስለው ቀያሽ ነው።

ቀበሌ ወስደው እስከ ስምንት ሰዓት አስቀመጡኝ። ክፉ አልተናገሩኝም፤ ቡናም ጠጣሁ። ሁለት ነገር የተረዳሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው። አንደኛ፣ መሬቱን አባትየው ካረሱት አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለሌላ ገበሬ የእኩል ሰጥተውታል፤ ለእሱ ደግሞ ማንም የነገረው የለም። ተጠርቶ ሲመጣ ፊቱ የጠቆረው በእኔ ብቻ አልነበረም። «የማርሰው እኔ፣ የምሰማው ከሚሊሻ!» አለ። ሁለተኛ፣ የሴትዮዋ እናት ከማሳው ሁለት መቶ ሜትር በማይርቅ ቤታቸው ነበሩ። ደጃቸውን አልፌ፣ እንዴት አደሩ እንኳ ሳልል ነው ማሳ የገባሁት። ይህን ሳስብ አሁንም ያሳፍረኛል።

ፈቃድ የማን ነው

«አባቴ ፈቅዷል» የሚለው ቃል ውሸት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ። የይዞታ ማረጋገጫው ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ስላለ እናትየው ካልተስማሙ የአባትየው ቃል ግማሽ ነው። በላዩ ላይ ያለው ሰብልና የእርሻው ሥራ ደግሞ የእኩል አራሹ ነው። ወረቀት ላይ ስሙ የለም፤ ጉድጓድ ክፍት ቢቀር ግን የሚከስረው እሱ ነው።

ከእነሱ በላይ መንግሥት አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። «መሬቴ ነው፣ እንደፈለግክ ቆፍር» የሚል ባለይዞታ የሌለውን ሊሰጥ አይችልም። ከመሬት በታች ላለ ጥንታዊ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ሕግ አለ፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992። ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም ቆፍሮ ማውጣትም ክልክል ነው። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲጠረግ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ ሳይነካ መጠበቅ አለበት። በአጋጣሚ አግኝቶ ላስረከበ ሰው ተገቢውን ማበረታቻ መስጠትም በዚያው አዋጅ ተጽፏል፤ ስለዚህኛው ግን ገበያ ውስጥ ማንም አያወራም።

ሰኞ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቢሮ «የእኛ አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ ላከኝ። ሸገር ከተማ በ2015 ከተመሠረተ ወዲህ የትኛው ማሳ ከተማው ውስጥ፣ የትኛው ገጠር ወረዳ ውስጥ እንደሆነ የሚለየው መንገድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ቢሮ ማመልከቻዬ በአማርኛ ስለነበር በአፋን ኦሮሞ አስጽፌ እንድመለስ ተነገረኝ። የቢሮው የሥራ ቋንቋ ነው፣ መጀመሪያውኑ ማወቅ ነበረብኝ። በር ላይ ካሉት ጸሐፊዎች አንዱ በሃያ ደቂቃ ጨረሰልኝ።

ባለሙያው ወጣት ነው። ማመልከቻውን አንብቦ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ቀለበቱ መቼ ነው የጠፋው?»

«ባለፈው ወር፣ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ።»

«እንግዲያው የምትፈልገው ቅርስ አይደለም። ማሽንህ ግን ይህን አያውቅም።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የትናንቱን ቀለበትና የመቶ ዓመቱን ናስ በአንድ ጆሮ ነው የሚሰማው። ባለሙያው ያ ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ ያለው ሜዳ ሁሉ ጦር የተመላለሰበት መሆኑን አስታወሰኝ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበት የሰገሌ ጦርነት የተደረገው በዚያው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ለመሣሪያው ሳይሆን ለአንድ ዕቃ፣ ለአንድ ማሳና ለአንድ ቀን ሰጠኝ። ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች እንዳልወርድ አዘዘ። በበሬ የሚጎተት ማረሻ ከዚያ ብዙም ስለማይጠልቅ ላይኛው አፈር ድሮም የተገለባበጠ ነው፤ ከዚያ በታች ግን ማንም ያልነካው ሊሆን ይችላል። ያረጀ የሚመስል ነገር ከታየ ቁፋሮው ይቆማል፣ ይነገረዋል። የቀበሌ ተወካይ አብሮ ይውላል። ከማሳው ሰሜን ጥግ ጽድና ወይራ የከበበው የድሮ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ስላለ ሃምሳ እርምጃ ርቄ እንድሠራ ተጨመረ። መቃብር የት ድረስ እንደሚሄድ ከላይ አይታይምና።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ተመለስኩ። ስኳርና ቡና ይዤ እናትየው ቤት ገባሁ። እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ያን ቀን ደጄን አልፈህ ስትሄድ አይቼህ ነበር» አሉኝ። ከዚህ የከበደ ወቀሳ አልሰማሁም። የእኩል አራሹ ገንዘብ አልጠየቀም። የጠየቀው ሌላ ነው፦ «በሬዬ ጉድጓድህ ውስጥ ገብቶ እግሩን ቢሰብር ማን ይከፍላል?» እኔ እከፍላለሁ ብዬ ፈረምኩ። እሱም ስምምነቱ ላይ አንድ ሐረግ አስጨመረ፤ ውኃ ልጠጣ እንኳ ዞር ስል ጉድጓድ ክፍት እንዳይቀር። ከማሳው ጎን ያለው የሽምብራ መደብ ገና እሸት ስለነበር አይረገጥም ተባለ፤ የድንበር ድንጋይ ሥርም አይነካም። ጎረቤት ነገ «ድንጋዩ ተገፍቷል» ቢል እኔ ሄጄ አልመሰክርለትም።

ቀኑን መቁረጡ ራሱ ወግ አለው። እኔ ጥር 27 አልኩ። «መድኃኔዓለም ነው» አለ አራሹ። 28? «አማኑኤል።» 29? «በዓለ እግዚአብሔር። መሬት አይቆፈርም። 30 ና።» ሠላሳ ዓርብ ዋለ።

አፈሩና ማሽኑ

ዋልካ መሬት ክረምት ጫማ ይነጥቃል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጥር መጨረሻ ላይ ሦስት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ማሳውን እንደ መረብ አልብሶት ነበር። ለፈላጊ ይህ ክፉ ዜና ነው፤ ትንሽ ዕቃ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ስንጥቅ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ ክረምት ሲመጣ አፈሩ አብጦ ይዘጋበታል። እስከ ሐምሌ ብንዘገይ ቀለበቱን ለሁልጊዜ እናጣው ነበር።

አካፋና ዶማ አልያዝኩም። የያዝኩት ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ ያስቀጠቀጥኩት ጠፍጣፋ መቁረጫ፣ አንድ እጅ የሚያህል መኮትኮቻ፣ ጠጋ ብሎ የሚጠቁም ትንሽ ዲቴክተርና ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ሴትዮዋ የእህቷን ተመሳሳይ ቀለበት ይዛ እንድትመጣ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። ቀለበቱን በክር አስሬ በዚያው አፈር ውስጥ በተለያየ ጥልቀት ቀብሬ አዳመጥኩት። አሥር ሳንቲ ሜትር ላይ ጥርት ያለ፣ 15 ላይ የሳሳ፣ 20 ላይ ምንም። ይህ ግማሽ ሰዓት የወሰደ ሙከራ ቀኑን አተረፈልኝ። ቀጭን ወርቅ ማሽኑ ላይ የሚያወጣው ቁጥር ከአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ጋር ይቀራረባል። የሚፈለገውን ድምፅ ሳያውቅ የጀመረ ሰው ወይ ሁሉን ይቆፍራል፣ ወይ ቀለበቱን ትቶ ያልፋል።

ሴትዮዋ ነዶ ያሰረችው በክምሩ ቦታና በእግር መንገዱ መካከል ነው። 40 በ25 ሜትር ከለልን፤ ሲባጎ ወጥረን ሜትር ተኩል ስፋት ያላቸው 17 መስመሮች አወጣን። እያንዳንዱን በዝግታ ጠረግኩ።

አቆፋፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሣር ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ የእግር መንገዱ ዳር ያለው ሰርዶ፣ በሦስት ጎን ብቻ ይቆረጣል፤ አራተኛው ጎን እንደ ማጠፊያ ሆኖ ሥሩን ይይዛል። ክዳኑን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን አፈር ከረጢት ላይ አወጣለሁ። ከዚያ አፈሩን መልሼ፣ ክዳኑን ደፍቼ፣ በእግሬ ረግጬ፣ በጀሪካን ካመጣሁት ውኃ አጠጣዋለሁ። በበጋ ያለ ውኃ ከተተወ ሰርዶው በሳምንት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ የቆፈርክበትም ቦታ ከሩቅ ይለያል። የተራቆተው ዋልካ ግን እንደ ክዳን አይነሳም፤ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። እሱን ጓል በጓል አንስቼ የላዩን በአንድ ከረጢት፣ የታቹን በሌላው አስቀምጣለሁ። ስመልስ የታቹን መጀመሪያ፣ እየረገጥኩ። የታቹ አፈር ላይ ከቀረ ቡቃያው ያንን ቦታ ይጠላዋል ብሎ የነገረኝ አራሹ ነው።

የወጣው

ሃያ ሦስት ጉድጓድ ቆፈርን። ዘጠኙ የቢራ ቆርኪ። ስድስቱ ሚስማርና ሽቦ። ሦስቱ ምንም፣ ማሽኑን ያሳሳቱ ጥቁር ድንጋዮች። አንድ የማጭድ ጫፍ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ። ቆርኪዎቹን ቀበሌ የመጣው ሰው በፌስታል ሰበሰባቸው፤ ከማሳው የወጣ ቆሻሻ ወደ ማሳው አይመለስም።

ከሰዓት በፊት አንድ ጓል ስሰብር ውስጡ ስሙኒ ተገኘ፤ በአንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው ንጉሡ፣ ጠርዙ የተሞገደ፣ ዓመቱ 1936። አንዱ ልጅ ወዲያው ሰማንያ ዓመት ቆጠረለት። ነገር ግን እነዚያ ሳንቲሞች ከ1936 በኋላም ለረጅም ጊዜ ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዘው ነው የተመቱት። ይህኛው ደግሞ ጠርዙ ሞገድ ነው። የመጀመሪያው ክብ ስሙኒ ብር እየተቀባ ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) ነው ተብሎ ስለሚያታልል በኋላ ወደዚህ ሞገድ ጠርዝ ተቀየረ። ፎቶ አንስቼ፣ ቦታውን ከግራሩ ለክቼ፣ ለቀበሌው ተወካይ ሰጠሁት፤ መዘገበው።

ሁለተኛው ግን ልብ ያስደነግጣል። ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ፣ 13 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ አረንጓዴ የለበሰ ክብ ናስ ታየ። ሰዎቹን ሁሉ ወደኋላ አስኬድኳቸው። እዚያ ሜዳ ላይ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል እንዲህ ያለውን የነካ፣ የጠራረገ፣ በድንጋይ የመታ ሰው እጁን ሊያጣ ይችላል። ከርቀት በስልክ ካሜራ አቅርቤ ሳየው ቂጡ መሃል ላይ የተወጋ ምልክት አለው፤ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ነው። ማስመሪያ ከጎኑ አድርጌ ፎቶ አነሳሁ፤ ቂጡ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሊያዩ የመጡ አንድ አዛውንት ከሩቅ «የውጅግራ ነው» አሉ፣ የድሮውን ጠመንጃ ማለታቸው ነው፤ እኔም እንደዚያ ገምቻለሁ። ግን አላወጣሁትም። ባለሙያው ሲደወልለት ሰኞ እመጣለሁ አለ። ጉድጓድ ክፍት እንዳይቀር ፈርሜያለሁ፤ ስለዚህ ከረጢት አንጥፈን በላዩ ላይ ልል አፈር መለስንበት፣ ከብት እንዳይረግጠው የግራር እሾህ ከመርንበት። ሰኞ ባለሙያው ራሱ አውጥቶ፣ ለቀበሌው ፈርሞ ወሰደው።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ፣ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ፣ የጠዋቱን የሳሳ ድምፅ ሰማሁ። ከስንጥቅ አፍ ላይ። 15 ሳንቲ ሜትር ወረድኩ፤ የለም። ትንሹ ዲቴክተር ግን ወደ ታች እየጠቆመ ይጮኻል። ሴትዮዋ ከላይ ቆማ «ትንሽ ጨምር፣ በናትህ!» ትለኛለች።

ቆምኩ። እዚህ ላይ የመጨመር ፍላጎቴ እንዴት ያለ እንደነበር መደበቅ አልችልም። ጨምሬ ቢሆን ማንም የሚከለክለኝ አልነበረም፣ የቀበሌው ሰው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ጠራሁት፤ አራሹንም። አራሹ ተንበርክኮ ስንጥቁን በጣቱ ለካና «ይሄ ስንጥቅ የዘንድሮ ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ከላይ የወደቀ ነው» አለ። ያንኑ ለባለሙያው በስልክ ነገርነው። «ስንጥቁን ብቻ ተከተል፣ ጎኑን አታስፋ» አለ። አንድ ጓል በአንድ በኩል አነሳሁ። 18 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀለበቱ በጠርዙ ቆሞ፣ ግማሹ በደቃቅ አፈር ተሞልቶ ነበር። እጄን አላስገባሁም፤ ሰው ሁሉ እያየ እሷ ራሷ አወጣችው። እናትየው ከቤት ድረስ እልል ሲሉ ተሰማ፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ስጀምር አራሹ ማሳ ገባ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ በየቦታው እየሄደ ተረከዙን ይተክላል፣ ክብደቱን ይጥልበታል፣ ያልፋል። አንድም ቃል አይናገርም። የእሾሁን ዞሮት አለፈ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ተመልሶ እንደገና ረገጠው። ተረከዙ ገባ።

«ይሄኛው አልጠገበም» አለ።

እውነቱን ነው። ጠዋት የመጀመሪያውን ስቆፍር ከረጢቱን ሳላነጥፍ አፈሩን መሬት ላይ ነው የደፋሁት፤ ግማሹ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከየት አምጥቼ ልሙላው ስል በእጁ ወደ ግራሩ አመለከተኝ። ከሥሩ፣ ድንበሩ ላይ፣ ፍልፈል ያወጣው ትኩስ የአፈር ቁልል አለ። በከረጢት አምጥቼ ሞላሁት፣ እሱ ረገጠው፣ እኔም ረገጥኩት።

«ፍልፈሉ እንኳ ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።